አትሂድ ያልነው ሰውዬ

የጭነት መኪናው ሞተር ደጃችን ላይ ሲንደቀደቅ ልቤ በመቱ ከተማ ወደነበረው ቡና መጋዘን ሄደ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ እሁድ ከሰዓት መስኮቱን በጆንያ ጋርደው አቡጀዲ ወጥረው ሲኒማ ያሳዩን ነበር። ከሁሉ የምንወደው በጥቂት ገንዘብ የተሠራ አንድ ፊልም ነበር፤ አንድ መኪና፣ አንድ ክፍል፣ የቀረው ጉም። መንገድ ዳር የቆመ ሰውዬ የማያውቀው ሰው መኪና ላይ ይሳፈርና መከራ ውስጥ ይገባል። ፈረስ የሚጋለብበት ፊልም ቢመጣም ሰው «ያንን መልሱልን!» ይል ነበር። ምናልባት ዛሬ ሰውዬው ሳይሳፈር ይቀር ይሆናል ብለን ነው መሰለኝ።

ሰውዬው የመኪናውን በር ሲከፍት በአማርኛም በኦሮምኛም እንጮሃለን። «አትሂድ! ሂን ዴሚን!» ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እናቴ ነበረች።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሰውዬው ያለው አሜሪካ ነው፣ እንዴት ይስማዎት?» ይላል ፊልሙን በቃል የሚተረጉምልን ሰው እየሳቀ።

አባቴ በቡና መኪና ሄዶ የቀረ ሰሞን ግን እናቴ መጮህ ተወች። «ይሰማል እንጂ» አለችኝ በቀስታ። «ሰምቶ ነው የሚሄደው።» ያኔ ስለ ፊልሙ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልጄ ሻንጣውን ጭኖ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሾፌሩን አላውቀውም። አትሂድ ልለው አፌን ከፈትኩና፣ «ጋቢህን ደርብ፣ መንገዱ ብርድ ነው» አልኩት።