መካነ ሰላም ላይ የከፈትኩት ሞተር

ረቡዕ ንጋት፣ ደሴ

ብርዱ ጣት ያደርቃል። ሁለት ተሸካሚዎች በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለልኩትን ቴስታ፣ የስድስት ሲሊንደር ሞተር ክዳን ማለት ነው፣ እየተንገዳገዱ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አወጡልኝ። ረዳቱ ዙሪያውን አየና "ይሄማ አንድ ሰው ነው፤ ሒሳብ አለበት" አለ። ከፈልኩ።

የምሄደው መካነ ሰላም ነው። እዚያ ያለ አንድ እድር በሽተኛ የሚያመላልስበት አሮጌ ላንድክሩዘር አለው። ከስምንት ወር በፊት ሞተሩን አውርጄ ያደስኩት እኔ ነኝ። ፒስተኖቹን ቀየርኩ፤ ዳገት ላይ ጉልበት እንዲያገኝ ብዬ ቱርቦ ጨመርኩበት። የእድሩ ሰዎች መርቀውኝ ነበር የሸኙኝ።

ሁለት ወር ይሆነዋል፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ደሴ ይዞ ሲመጣ ሞተሩ ዳገት ላይ ተቃጠለ። እናትየው ተረፈች፤ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ደውለው ሲጠይቁኝ "ሹፌሩ ውሃ ሳያይ ነድቶት ነው" አልኳቸው። ሞተሩን ሳላየው። ሹፌሩን ይማምን በዚያው ሳምንት አሰናበቱት። አሁን ሞተሩን እንድሠራላቸው ጠርተውኛል።

ረፋድ፣ አቀስታ

አቀስታ ከመድረሳችን በፊት፣ ቁልቁለቱ ላይ የአውቶቡሱ ነጂ ቀስ አለ። ጉም መንገዱን ውጦታል፤ ዳር ዳሩ እርጥብ ድንጋይና የገብስ ቃርሚያ ብቻ ነው።

"ያቺ የእድር መኪና የቆመችው እዚህ ጋ ነበር" አለኝ። "ሹፌሩ ነው አሉ ጥፋተኛው።"

"ይባላል" አልኩ።

አቀስታ ላይ ተሳፋሪው ትኩስ ድንች በአዋዜ ሊበላ ወረደ። እኔ አልራበኝም።

ሐሙስ፣ መካነ ሰላም

መኪናዋ የቆመችው በእድሩ ሊቀ መንበር በመምሬ መርሻ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ያቺ ምጥ የያዛት ሴት የመምሬ ልጅ ስንዱ ናት። ስገባ ከደጃፍ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

"ይማምን ያዩታል?" አልኳቸው።

"ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም" አሉና ለቅዳሴ ሄዱ።

ብቻዬን ፈታሁት። ቴስታው ሲነሣ ስድስተኛው ሲሊንደር ጋ፣ መጨረሻው ላይ፣ በቴስታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ከስሏል። ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር አየሁ። በሽቦ ሳብኩት። ጨርቅ ነው። የታጠፈ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ጨርቅ።

ከአሮጌ ቱታዬ የቀደድኩት ነው። የሞተሩን ፊት ስፍቅ ብናኝ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን ወትፌ ነበር። አንዱን ረስቼዋለሁ። ሜዳ ላይ ወራት ቻለው፤ በረጅሙ ዳገት፣ ቱርቦው ሙቀት ሲጨምርበት ግን አልቻለም።

ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት። አዲሱን ቴስታ አስሬ፣ ምርቃት ተቀብዬ ብሄድ ማን ያውቃል? እዚያው ጎማው ላይ ተቀምጬ መምሬን ጠበቅኩ።

ሲመጡ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ተነሥ" አሉ። "ይማም ዘንድ እንሂድ።"

ይማም ከከተማው ዳር ለሰው ቤት ድንጋይ ሲጠርብ አገኘነው። ፊቱ አቧራ ለብሷል። ሲያየን መዶሻውን አስቀመጠ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ይማም" አሉ መምሬ ቀድመው።

"ወአለይኩም ሰላም፣ መምሬ" አለ፣ ቀና ሳይል።

ተራዬ ነበር። ጨርቁን ሰጥቼው ነገርኩት። አገላበጠው።

"የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ልቁም አልኩ። ስንዱ ስትጮህ አልቻልኩም፤ ነዳሁ። ሁለት ወር ሙሉ ብቆም ኖሮ፣ ብቆም ኖሮ እያልኩ ነው የማድረው።"

"ብትቆምም ያው ነበር" አልኩት። "ውሃው መንገድ የለውም። ዘግቼበታለሁ።"

ይማም ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"አፉ በለኝ፣ ወንድሜ" አሉ መምሬ። "ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ።"

"አፉ ብያለሁ፣ መምሬ። አላህም አፉ ይበለን።"

እኔም ጠየቅኩት። ጨርቁን መለሰልኝና "አንተን ገና ነኝ" አለ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ

የእሑዱን ስብሰባ ሳይጠብቁ መምሬ የእድሩን ሰዎች ሰበሰቡ። ቆሜ ተናገርኩ። የሰደበኝ የለም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሞተሩን ጨርሼ አስነሣሁት። ስድስቱም እኩል ይሠራሉ፤ ድምፁ ንጹሕ ነው። መምሬ ቁልፉን ለይማም ዘረጉለት።

"ሌላ ሰው ይንዳት" አለና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ዕቃዬን ስሸክፍ ስንዱ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

"ጨርቁን አሳየኝ" አለችኝ።

መዳፏ ላይ ዘርግታ አየችው። ከመዳፏ አይበልጥም።

"ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"ይቺን ታህል?"

ጨርቁን አጥፋ፣ ጨብጣው ገባች። ልውሰደው ማለት አልቻልኩም።

እሑድ አመሻሽ ደሴ ገባሁ። ባለቤቴ በሩን እየከፈተች "ሞተሩ ተነሣ?" አለችኝ።

"ተነሣ" አልኳት።