ድንጋይ ያልተሸከመው ሥራ አስኪያጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ትሑት ወጣት ቤቴ ድረስ መጣ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ሊተከል የታሰበ ፋብሪካ ባልደረባ ነው። «አባባ፣ ያገሩን ሰው ያውቁታልና ይምከሩን፤ ምን ብናደርግለት ይወደናል? ለጊዜው አንድ ትልቅ ድግስ አስበናል» አለኝ። ድግስ የሚለውን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሻዩን ሳይጨርስ ሸኘሁት። የምን ነገረኛ ሽማግሌ ነው ሳይለኝ አልቀረም።

ድግስ ሲባል ደሜን የሚያፈላው ነገር የሆነው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ወደ ኮሶዬ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደራችን በላይ፣ ወንዙ ዳር የቆዳ ፋብሪካ ተተከለ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ኖራ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቆዳ እያወጣሁ ጠጉሩን እፍቅ ነበር። ሽታው ከገላ አይለቅም፤ የባቄላ እሸት ጠብሼ ስበላ እንኳ የሚሸተኝ ኖራው ነው። ያ የኖራ ውሃ ሲያረጅ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ከታች ደግሞ የኛ ከብት ይጠጣል። ግንቦት ላይ ወንዙ ሲቀጥን፣ የቤታችን አንዲት የምትታለብ ላም ከዚያ ጠጥታ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች።

በኛ አገር ከተጣሉት ሰው ጋር እርቅ ሳይወርድ እህል አይቀመስም። አባቴ ፋብሪካውን ተጣላ። እኔም የፋብሪካውን እንጀራ የምበላ ነኝና ከባላጋራ ተቆጠርኩ፤ ከመሶቡ ተለየሁ። እናቴ ለብቻዬ በሳህን ታቀርብልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሥራውን ትቼ እንዳልገባ፣ ላሚቱን የምንተካው በኔው ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ ለጠላትም አይስጥ!

ክረምቱ እንደወጣ ሥራ አስኪያጁ አቶ መኩሪያ የሕዝቡን ማጉረምረም ሰማ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው ጭቃ የማይወድ ሰው ነበር። ሰንጋ አሳረደ፤ ዳስ አስጣለ፤ በምስለኔው በኩል አገሬውን አስጠራ። ሰው ምስለኔውን አክብሮ መጣ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። እኔ እጅ እንዳስታጥብ ታዘዝኩ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ከዳር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሰው እጁን አላወጣም። ሁለተኛውም አላወጣም። አባቴ ፊት ደረስኩ። እሱም እጁን ከጋቢው ሳያወጣ መሬት መሬት አየ።

«ጾም ነው እንዴ?» አለ አቶ መኩሪያ እየሳቀ።

«ጾም አይደለም ጌታዬ» አለ አባቴ። «ጥል ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከርስዎ ጋር ነዋ! ውሃዎ ከብታችንን ፈጀ። ሽማግሌ ይላኩ፣ ድንጋይ ተሸክመው በድያለሁ ይበሉ። ያን ጊዜ ሸጋ አድርገን እንበላለን።»

አቶ መኩሪያ ሳቁን አቆመ። «እኔ የመንግሥት ፈቃድ ያለኝ ሰው ነኝ። ለገበሬ ድንጋይ አልሸከምም!»

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሥጋው እንደተሰቀለ ቀረ።

እኔ ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ተከተልኳቸው። ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። አብረውት የሚሄዱት ሽማግሌዎች ቆሙ። «አያ ተገኘ፣ ልጅህ እኮ ነው» አለ አንዱ።

አባቴ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደልኝ። «ምነው ልጄ፣ የሰው ድንጋይ ትሸከማለህ? አንተ አልበደልከኝም» አለኝ።

«እንግዲያው አብረን እንብላ።»

«የበደለኝ ሳይመጣ?» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ለፋብሪካው እንጨትም ቆዳም የሚሸጥ ከአገሬው ጠፋ። አቶ መኩሪያ ተጨነቀና የኖራውን ውሃ የሚያጠራቅም ጉድጓድ አስቆፈረ። ወንዙ ጠራ፤ ከብቱም ተመልሶ ጠጣ። እሱም ጎንደር ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ካገሬው ጋር ታርቀናል እያለ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁት። ማን አስታረቃችሁ? የማን ደጅ ሄደህ ቆምክ? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አባቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመመ። ከተተካችው ላም ያለብኩትን ወተት ይዤ አልጋው ሥር ተቀመጥኩ። መረቀኝ፤ እጄን ይዞ ቆየ። ወተቱን ግን፣ እርቅ አልወረደምና፣ አልቀመሰም። እንዲሁ አለፈ።

ብዙ ዘመን ግትር ነበር ስል ኖሬያለሁ። አሁን አልልም። ያ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት እንኳ፣ ጎንበስ ብሎ ቢሆን ኖሮ አባቴ ከእጄ አንዲት ጉርሻ ይቀበለኝ ነበር።