ሎሚ የነካው ሽቦ

ዘንገና ሐይቅ ላይ ጀልባ በምነዳበት ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ጠዋት ጫግኒ ልሂድ እላለሁ፣ ከሰዓት ዳንግላ፤ ግጥም እጀምርና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። እንጅባራ ባጃጅ ጋራዥ ገብቼም ሙያው በእጄ ሳይገባ ጥዬ ወጥቻለሁ። የምረጋው ጀልባዋ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ የጀልባዋ ባለቤት ጋሼ፣ «አንዴ እንኳ ደግማ መሐል ላይ ብትቆም ጣና ላይ ጀልባ ለሚያሠራ ሰው ነው የምሸጣት» ሲሉ ጥፋቱን ራሴ ልፈልገው ቆረጥሁ።

ይህን ያሉኝ በጥር፣ በሰርግ ወር፣ ጀልባዋ ሙሽሮች ይዛ ከቆመች በኋላ ነው። እሑድ ዕለት ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ተሳፈሩ። መሐል ላይ ሞተሩን አጠፋሁላቸውና አልነሳም አለ። ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ይልና ዝም። መቅዘፊያችን አንዲት ብቻ ስለነበረች አንዱ ሚዜ በፎቶ አንሺው ጃንጥላ እየቀዘፈ ነው የወጣነው።

ባትሪው አዲስ ነበር። የባትሪውን ሳጥን ክዳን ስከፍት ግን የሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ከሰርጉ በፊት ጋሼ ራሳቸው ወልውለውት ሲያብረቀርቅ አይቼዋለሁ።

«በምን ነበር የወለወሉት፣ ጋሼ?»

«በምን ይሆናል? በሎሚና በአመድ ነዋ! የፈረሴን የናስ ጌጥ የማበራው በምን ይመስልሃል?»

«ከዚያስ አጠቡት?»

«ጌጡን አጥባለሁ። ይሄንን እንዴት ልጠበው? ኤሌክትሪክና ውሃ አይገናኙም እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው አንተ አይደለህ!»

ሎሚው እዚያው ቀርቶ፣ የሐይቁ ጤዛ ተጨምሮበት መዳቡን በልቶታል። ሽቦዎቹን ከባትሪው ፈታሁ። የተበላውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ቀሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ጋሼ የግሪስ ቆርቆሮውን ይዘው ቆመዋል።

«አሁን ልቀባው?»

«ቆይ፣ ቡሎኑ ይጥበቅ። ግሪሱ ከላይ ነው፤ መሐል ከገባ ሽቦው በደንብ አይነካካም።»

«አንድ ሥራ ላይ ስድስት ወር የማትቆይ ልጅ ለኔ ቆይ ትለኛለህ! ካልተነሳልህ ግጥም አንብብለት።»

ቡሎኑን አጠበቅሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ የጀልባዋ ወለል ላይ ውሃ ውስጥ ይጎተት የነበረውን ሽቦም ከፍ አድርጌ አሰርሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሙሽራ መጣች። መሐል ስንደርስ፣ «ቪዲዮው ውስጥ ድምፅ እንዳይገባ አጥፋው» አለችኝ። ጋሼ ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። አጠፋሁት። ቪዲዮ አንሺው መቅረፁን መቼ ሊጨርስ! ሙሽራው ደጋግሞ ከረባቱን ያስተካክላል። እግሬ ወለሉን ይመታል፤ ሚዜው፣ «ሽንትህ መጥቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሲጨርሱ ቁልፉን አዞርሁ። ወዲያው ተነሳ።

ዳር ስንደርስ ጋሼ ሙሽሮቹን እጃቸውን ይዘው አወረዱና ወደ እኔ ዞሩ። «ለጣናው ሰውዬ ደውዬ ነገሩ ቀርቷል እለዋለሁ። አንተ ግን የት ልትሄድ ነው ያሰብከው?»

«የትም» አልኳቸው። እጄም የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ሽቦዎቹን መዳሰስ ጀምሮ ነበር።