አዛዡ የመሰከረልኝ ቀን

አዛዡ አልመታኝም። እውነቱን ልናገር፣ ክንዴን ብቻ ነው የያዘኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ ጎትቶ አውጥቶ ፒክአፑ ላይ እስኪጭነኝ ድረስ አለቀቀኝም። ጥፋቴ በቀበሌ ስብሰባ ላይ «የታፈሱት ልጆቻችን የት ናቸው?» ብዬ መጠየቄ ነው። የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ።

ያጎሩን እህል መጋዘን ውስጥ ነው። የበቆሎ ብናኝ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የሐይቁ ነፋስ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ይገባል። በማግስቱ አጭሩን እጅጌዬን ስሰበስብ አምስቱም ጣቶቹ ክንዴ ላይ ጠቁረው አየሁ። ውሎ አድሮ ብልዘቱ ክርኔን አልፎ ወረደ።

በእናቴ ዘር ደማችን ቶሎ አይረጋም። ሁለት ወንድሞቼ ተገርዘው፣ ደማቸው አልቆም ብሎ ነው የሞቱት። ደሴ ያየኝ ሐኪም «ደምና መድኃኒት በተዘጋጀበት ሆስፒታል ካልወለድሽ ላንቺም ለልጅሽም ያሰጋል» ብሎኝ ነበር። ይህንኑ ለአዛዡ ብነግረው ሳቀብኝ።

«እናቶቻችን ማሳ ላይ ወልደው አይደል ያሳደጉን? አንቺ ከማን ትበልጫለሽ? በሽታ የለብሽም፣ ተንኮል ነው ያለብሽ።»

ያ ረቢ፣ እንዴት እንደበገንኩ! አብራኝ የታሰረች አንዲት የአምባሰል ባልቴት «አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያለች ባታባብለኝ ኖሮ አፌን እከፍትበት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዛዡ እጅጌው ረጅም የሆነ ሹራብ ይዞልኝ መጣ። ለካ የእስረኛ አያያዝ የሚያዩ ሰዎች ከበላይ እየመጡ ኖሯል።

«ልበሺው። ዝም ካልሽ ነገ ደሴ እልክሻለሁ።»

ለበስኩት። ለልጄ ስል ምን የማልሆነው አለ!

ሰዎቹ ገቡ። ከመካከላቸው አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት «የታመመ አለ?» ስትል አዛዡ ቀደም ብሎ «የለም፣ ሁሉም ጤነኛ ነው» አላት።

ጤነኛ! ያኔ ነው የነገው ደሴ ውሸት መሆኑ የገባኝ። ሹራቡን አወለቅኩ፣ ደህና አድርጌ አጣጥፌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ክንዴን ለሴትዮዋ ዘረጋሁ።

«እርጉዝ ሴት እንዲህ ትደበድባላችሁ?» ብላ ጮኸች።

«ኧረ አልመታናትም!» አዛዡን ላብ አጠመቀው። «ትንሽ ያዝ አድርጌያት ነው። ደሟ አይረጋም እኮ! የዘር በሽታ አለባት፣ ራሷ ነግራኛለች!»

ባልቴቷ ከጀርባዬ «አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» አለች።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ እዚህ ምን ታደርጋለች?» አለችው ሴትዮዋ።

የዚያኑ ዕለት በዚያው ፒክአፕ ደሴ ወሰዱኝ። ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ በሰው ደምና በሐኪሞቹ ነው የተረፍኩት፣ አልሐምዱሊላህ። በስብሰባው ጥያቄዬ የመሠረቱብኝን ክስም እዚያው ተዉት። ልጄ ግን የወንድሞቼን በሽታ ወርሷል።

ሰዎች «ያለፈውን ይቅር በይ» ይሉኛል። አልልም። ብልዘቱ ጠፍቷል፣ ንዴቴ አልጠፋም።

ባለፈው ውጫሌ ገበያ ላይ አዛዡ ከፊት ለፊቴ መጣ። የደንብ ልብስ አልለበሰም። «ያ ልጅ ነው? አደገ እኮ!» ብሎ የልጄን ክንድ ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት። «ደሙ አይረጋም። አንተው ራስህ መስክረሃል።»