የኮርኒስ አበባ የተማርኩበት ቤት

ጂፕሰም ውሃ ከነካው በኋላ ሰው አይጠብቅም። ባልዲ ውስጥ እንደ እርጎ ሆኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ ከዚያ ድንጋይ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ይህን የነገሩኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ጊዜ ግን ተማሪያቸው አልነበርኩም። ቡራዩ ውስጥ አዲስ በሚሠራ ቤት በቀን ሠራተኛነት ገብቼ ባልዲ የማጥብ ልጅ ነበርኩ።

"ባልዲው ላይ አንዲት ፍርፋሪ እንዳትቀር። የደረቀው ከአዲሱ ጋር ከተደባለቀ አዲሱንም ያቻኩለዋል" አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሰምተሻል?"

አሁንም ነቀነቅኩ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። መናገሻ አካባቢ ስድስተኛ ክፍል እስክደርስ ስማር፣ መምህሩ ሲጠይቁ መልሱን እያወቅሁ አንገቴን እደፋ ነበር። ትምህርቱ ከቀረ በኋላ ቡራዩ አክስቴ ቤት መጣሁ። ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራው ታላቅ እህቴ እዚያ ቦታ እስክታገኝልኝ ድረስ ብዬ ነው የቀን ሥራ የገባሁት። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አያናግርሽም ስላለችኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ግን ሐሳቤን አስቀየሩኝ። ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሌላው ሰው ሁሉ በኦሮምኛው ኦቦ ይላቸዋል። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ አቧራ የለበሰ ሰው ናቸው። ለኮርኒሱ ማዕዘን ቅጠል ሲቀርጹ ንድፍ አያወጡም። እርጥቡን ጂፕሰም ይለጥፉና በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ ይጠብቃሉ። አይብ ሲመስል፣ ከተሰበረ መጋዝ ራሳቸው የሞረዱትን ቢላ ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው አይቆምም። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ ቅጠሉ ከግድግዳው ውስጥ እየተገላበጠ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ የማላውቅበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጂፕሰም ከሚፈስበት ፎርማ ሲወጣ የተሰበረ የኮርኒስ አበባ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ አገኘሁ። ስብርባሪውን ለቅሜ ሲሚንቶው ወለል ላይ ገጣጠምኩት። አንድ የአበባ ቅጠል ጎደለ። ፈልጌ ሳጣ ከተረፈው ጂፕሰም በጥፍሬ እየጫርኩ ሠራሁለት። ቀና ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ጂፕሰም በቀሚሴ ጠረግኩ።

"ኦቦ፣ እሷን አይጠይቋት" አለ ረዳታቸው፣ ከጆንያዎቹ ላይ ተጋድሞ ዳቦ እየበላ። "ምላሷ ላይ ጂፕሰም ደርቆባታል!"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ግን መሬት መሬት እያየሁ። ጋሼ አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው የሠራሁትን ቅጠል በጣታቸው ዳበሱት። "ከነገ ጀምሮ ባልዲውን ሌላ ሰው ያጥባል" አሉ።

እንዲህ ተማሪያቸው ሆንኩ። ማቡካት ተማርኩ፣ ቃጫ በታትኖ ፎርማ ውስጥ መንጠፍ ተማርኩ፣ ፎርማውን በቅባት ማሸት ተማርኩ። ለማንም እንደሚያስተምሩት ነበር የሚያስተምሩኝ። ሴት ናት ብለው አልተውኝም፣ ሴት ናት ብለውም አላቀለሉልኝም። ስሳሳት እጄን ይዘው ቢላውን አብረውኝ ይገፉ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም። በዚህ ሥራ የሚለጥፍ ሰው አፍንጫው ኮርኒሱን ሊነካ ስለሚደርስ የሚሠራውን አያይም። ስለዚህ ከታች የሚያይለት ሰው ይቆማል። ቀኝ፣ ግራ፣ ዝቅ፣ ከፍ ይላል። ጂፕሰሙ ስለማይጠብቅ ቶሎ እና ጮክ ብሎ መናገር አለበት። እኔን ከታች ሲያቆሙኝ አየዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ድምፄ ግን አይወጣም። ሁለት ማዕዘን በእኔ ዝምታ ተጣሞ ደርቆ በመዶሻ ፈረሰ።

ሁለተኛው የፈረሰ ቀን ጋሼ ለብቻዬ አስቀመጡኝ። "ኢንተለ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "እጅሽ ጥሩ ነው። ዓይንሽ ከእኔም ይሻላል። ግን መወጣጫ ላይ ቆሜ ከታች ሰው እንዳለኝ ካላወቅሁ መሥራት አልችልም። ይሄን ቤት ጨርሰን እናያለን። ካልሆነ በጊዜ ሌላ ሥራ ብትይዢ ነው የሚሻልሽ።"

በዚያው ሳምንት እህቴ ደወለች። ፋብሪካው ውስጥ ቦታ ተገኝቷል። እሑድ መልስ እንድሰጣት ነገረችኝ።

ቅዳሜ የሳሎኑን ትልቅ አበባ የምንሰቅልበት ቀን ነበር። እንደ ሞሰብ ክዳን የሚሰፋ ስለሆነ ጋሼ እና ረዳታቸው ሁለቱም ላይ ወጡ። ከታች እኔ ብቻ ቀረሁ። የቤቱ እመቤት ከባለቤታቸው ጋር መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ክር ወጥረው፣ ክሮቹ የተገናኙበትን መሃል አድርገው የአበባውን ዙሪያ በእርሳስ ምልክት አድርገዋል።

አበባው ወጣ። ጀርባው ላይ የተቀባው ጂፕሰም ተንጠባጠበ።

"እ?" አሉ ጋሼ ከላይ።

"ማሻአላህ!" አሉ እመቤቲቱ።

ለእኔ ግን ልክ አልነበረም። የመንገዱ ጠርዝ ሰያፍ ስለሆነ ቤቱም ከእሱ ጋር ሰያፍ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ ይረዝማል፣ በበሩ በኩል ያለው ያጥራል። የክሮቹ መገናኛ ወደ አጭሩ ተስቧል። አበባው ከሰዎቹ በላይ፣ በሩ ላይ ሊወድቅ ያዘነበለ ይመስል ነበር።

"ወደ መስኮቱ" አልኩ። ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

"ምን?"

"ጥሩ ነው ኦቦ፣ ክሩ ላይ ነው፣ ይጫኑት!" አለ ረዳታቸው። ክንዱ ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ሊጫኑት ትከሻቸውን ሲያዘጋጁ አየሁ። ከተጫኑት የተማርኩት ሁሉ እዚያው ሊያበቃብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ገረ ፎዳ!" ብዬ ጮህኩ።

ወደ መስኮቱ ማለቴ ነው። ለምን በኦሮምኛ እንደወጣ አላውቅም፣ እናቴ ከጓሮ ስትጣራ እንደምትጮኸው ነበር የጮህኩት። ባዶው ሳሎን መልሶ አስተጋባው። እመቤቲቱ "ወይኔ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ጋሼ ወደ ታች እንኳ አላዩም። "ምን ያህል?"

"አንድ እጅ! ይምጣ! ትንሽ ይምጣ! ይበቃል!"

ተጫኑት። በእንጨት ደግፈውት ወረዱ። የቤቱ ባለቤት ግን ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። በበሩ በኩል የእርሳሱ ምልክት ከአበባው ጠርዝ ወጥቶ ይታያል።

"ኦቦ፣ ምልክቱ እዚያ፣ አበባው እዚህ?"

ጋሼ ምንም ሳይቸኩሉ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ግድግዳው ጠማማ መሆኑን ማየት ነበረብኝ። ያየችው እሷ ናት።" እኔን በአገጫቸው አሳዩ። "ካልወደዳችሁት ዛሬውኑ አወርደዋለሁ፣ ሌላ በራሴ እሠራለሁ። መጀመሪያ ግን ሶፋችሁ በሚቀመጥበት ሆናችሁ እዩት።"

ያን ያህል ዓመት የሠራ ሰው በደንበኛ ፊት፣ ባልዲ ሳጥብለት ስለነበርኩት ስለ እኔ እንዲህ ሲል ሰምቼ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእጃቸውን ጥበብ ያደነቅሁት ቀደም ብዬ ነበር። የዚያን ቀን ያደነቅሁት ግን ሌላ ነገራቸውን ነው።

እመቤቲቱ የሲሚንቶ ጆንያ አስነጥፈው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። "ና፣ አንተም ተቀመጥ እንጂ" አሏቸው ባለቤታቸውን። ተቀመጡ። "እንዳይወርድ" አሉ እመቤቲቱ በመጨረሻ። "ምልክቷን ብቻ ቀለም ቀቡልኝ።"

ረዳታቸው ክንዱን እያሸ ወደ እኔ መጣ። "አንቺ፣ ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነበር? ጆሮዬን እኮ ነው ያደነቆርሽው!"

ዕቃ ስንሰበስብ ጋሼ "ሰኞ ሱሉልታ ሥራ እንጀምራለን። ሁለት ማዕዘን ያንቺ ነው" አሉኝ።

እሑድ ለእህቴ ደወልኩ። እንደማልመጣ ስነግራት ተናደደች። የጂፕሰም አበባ እስከ መቼ እንጀራ ይሆንሻል አለችኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ስትጠይቀኝም ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ቅጠል ሲቀርጹ መቼ ማቆም እንዳለባቸው በምን እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ከተዋወቅን ጀምሮ እኔ የጀመርኩት ወሬ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አየሩ ላይ በእጃቸው እየቀረጹ ያስረዱኝ ጀመር። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ክርናቸው እንዳይመታው አንገቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ፣ እሱም ያዳምጥ ነበር።