ድምፁ የተዘጋው ፊልም

ሊይዙኝ ሲመጡ ፊልም እያየሁ ነበር። አምቦ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ በተከራየሁት ክፍል፣ ላፕቶፔን አልጋው ላይ አድርጌ፣ ድምፁን ዘግቼ። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ ድምፁን ለምን እንደዘጋሁት ጠየቀኝ። የፊልም ጽሑፍ እየተማርኩ እንደሆነ፣ ታዋቂ ፊልሞችን መጀመሪያ ያለ ድምፅ የማየው ታሪኩ በምስል ብቻ እንዴት እንደሚሄድ ለማጥናት እንደሆነ ነገርኩት። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ ውሸታም ሳልመስለው አልቀረሁም።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ጠባብ ነበር። ሽታውን እንዲያሸንፍ በሩ ሥር የሎሚ ልጣጭ ተደርድሯል። ሁሉም በኦሮምኛ «ሀርሜ»፣ እናቴ፣ የሚሏቸው አንዲት የጉደር ሽንኩርት ነጋዴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከአጠገባቸው አንዲት መምህርት ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። እኔ ምንም ሳልናገር ቃሌን ጽፎ ጨርሷል። ፊልሙን የሰጠችኝ ጓደኛዬ እንደሆነችና ሁለታችንም ለአመፅ ስንዘጋጅ እንደነበር ይላል። ከሰዓት መጥቼ ከፈረምኩ ማታ ቤቴ አድራለሁ። ፊልሙን በፍላሽ የሰጠችኝ እውነትም እሷ ናት፤ ሌላው ፈጠራ ነው። ከፈረምኩ ያመጧታል። እኔ ደግሞ ለማንም እምቢ ብዬ አላውቅም። ፀጉር ቤት ያልወደድኩትን ሲሠሩኝ እንኳ አመስግኜ ነው የምወጣው።

ስመለስ ሀርሜ ፊቴን አዩት። ትናንት «ሳየው ያዙኝ» ያልሽንን ፊልም ንገሪን አሉ። ነገርኳቸው፤ ብዙ ዓመት ጠፍቶ የቆየ ባል ይመጣል። ሚስቱ ምሳ ታቀርብለታለች። ሳይበላ ይነሳል። በሩ ላይ ኮቱን እያቀበለችው አንድ ነገር ትለዋለች፤ ስቆ ይሄዳል።

«ምን አለችው?» አለች መምህርቷ።

«አላውቅም። ድምፁን ዘግቼዋለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እንግዲያው እኛው እንሙላው ተባለ። መምህርቷ ለሚስትየዋ ረጅም የፍቅር ንግግር ሰጠቻት፣ ከነዕንባው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ አትልም» አሉ ሀርሜ። «ምሳዋን አልበላላትም እኮ።»

«ታዲያ ምን ትበል?»

«ኮትህን ያዝ፤ ምሳህን ለውሻው እሰጠዋለሁ ትበለው።»

ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ለሁሉም ትዕይንት ንግግር ሰጠን። ያልሆነ ቃል ሲመጣ ሁሉም «አትልም»፣ «አይልም» ይላሉ። አንዴ ሀርሜ ለባልየው የሰጡትን ቃል ሳላስበው እኔ «አይልም» አልኩ። አልተቀየሙኝም፤ «እሺ፣ አንቺ ንገሪን» አሉና ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

ከሰዓት መርማሪው እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

«እኔ እንዲህ አልልም» አልኩ።

«ምን?»

«ይህን የምትለው ሌላ ሰው ናት። እኔ አልልም።»

ድምፄ እንደ ወትሮው ቀጭን ነበር፤ ግን አልጠፋም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ወደ እሱ ገፋሁት። ወረቀቱን አነሳና ጠባቂዎቹን «መልሷት» አላቸው።

ያን ማታ ቤቴ አላደርኩም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ማታ። ጓደኛዬ ግን ማንም ሳይመጣባት ፈተናዋን ተፈትና ተመረቀች።

አሁን የፊልም ጽሑፍ እጽፋለሁ። ገጸ ባሕርዮቼ ሲናገሩ ከኋላዬ «አትልም» የሚሉ ሴቶች የተቀመጡ ይመስለኛል፤ ብዙ መስመር ሰርዘውብኛል። ከተፈታሁ በኋላ ያንን ፊልም ከጓደኛዬ እንደገና ተቀብዬ ድምፁን ከፍቼ አየሁት። ሚስትየዋ በሩ ላይ የምትለው ነገር ደህና ነው።

የሀርሜ ይሻላል።