በልክ የተሰፋ ዋና

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ነው የሚለው። ልብስ ሰፊ ነው፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቱ አይወርድም። አንዴማ እንዳንጠለጠለው ሰርግ ሄዶ፣ ፎቶ ላይ ካየው በኋላ ነው ያፈረው።

የስምንት ዓመት ልጁ ዋና ልማር ስትል፣ መዋኛው ቤት በቡድንም በግልም ያስተምራል ተባለ። ሚስቱ «ከእኩዮቿ ጋር በቡድን ትግባ» አለች። ሜትሩ መቀሱን አስቀመጠ።

«በቡድን ማለት እኮ ዝግጁ ልብስ ነው! ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ለማንም የማይሆን። የኔ ልጅ በልኳ ነው የምትማረው!»

ሚስቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የለበሰው ሱሪም ሸሚዝም ከገበያ የተገዛ ዝግጁ ነበር።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ነገሩ የልክ ጉዳይ አልነበረም። ሜትሩ ተማሪ ሳለ ጮክ ብለህ አንብብ ተብሎ ተንተባተበና ክፍሉ ሁሉ ሳቀበት። ያ ሳቅ ዛሬም ከጆሮው አልወጣም። ልጁ ላይ ማንም እንዳይስቅባት ነው የፈለገው፤ ይህን ለመናገር ግን ደፍሮ አያውቅም፣ ስለ ስፌት ማውራት ይቀለዋል።

በግል ተጀመረ። ሜትሩ ሱቁን እየዘጋ፣ ፎጣ ታቅፎ ገንዳው ዳር ይቀመጣል። ራሱ እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጠው፤ አፉ ግን መች ያርፋል!

«ክንድሽ አጠረ! ሁለት ሴንቲ ጨምሪበት!» ይላል ብድግ እያለ።

«አባቷ፣ እባክዎ ይቀመጡ» ትለዋለች አሰልጣኟ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅቷ ፊቷን ውሃ ውስጥ አልነከረችም። የገንዳውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ማዶ የሚንጫጩትን የቡድኑን ልጆች ታያለች። በአራተኛው ሳምንት ከውሃው ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ዋናው ይቅርብኝ።»

ሜትሩ ክው አለ። «ምነው የኔ እናት? አሰልጣኟ ተቆጣችሽ?»

«አይ፣ እሷ አይደለችም። ብቻዬን ስሳሳት ሁላችሁም እኔን ብቻ ነው የምታዩኝ። እነሱ ግን አብረው ነው የሚሳሳቱት።»

አይ ሜትሩ! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልክ ሲወስድ ኖሮ፣ በስምንት ዓመት ልጅ ልኩን ተነገረው። ከሰው ሳቅ አስጥላታለሁ ብሎ የገዛ ዓይኑን ጫነባት። «አንተ ሊቅ!» አለ ለራሱ። አፈረ። እዚያው ተነስቶ አሰልጣኟን «በቡድን ያስገቡልኝ» አላት።

በሚቀጥለው ትምህርት ልጅቷ ከእኩዮቿ መሃል ገባች። ፊቷን ነከረች፣ ውሃ ጠጣች፣ እያሳለች ብቅ አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሜትሩ ፎጣውን ይዞ ከነጫማው ሊገባ ብድግ አለ።

ልጁ ግን ከሁሉም በላይ እየሳቀች ነበር። እሱን ስታይ ብቻ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ በእጇ «ሂድ፣ ሂድ» አለችው።

ፎጣውን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያዳምጥ ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ጆሮውን አቀና፤ የትኛው ሳቅ የልጁ እንደሆነ ሊለየው አልቻለም።